ሐሳብ ከሚያነብ ማሽን ይልቅ የሚገምተን ማሽን ያሳስበኛል

ማሽን የሰውን ሐሳብ ማንበብ ጀመረ የሚል ዜና በየጥቂት ወሩ ብቅ ይላል። ርዕሱ ያስደነግጣል፣ ሼር ይደረጋል፣ ከዚያ ይረሳል። እንዴት አድርጎ እንዳነበበው ብዙም አይጠየቅም። እኔን የሚያሳስበኝ ጉዳይ ያለው ግን እዚያ "እንዴት" ውስጥ ነው። ስለዚህ በጣም ከተወራለት አንድ ሙከራ እንነሳ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ2023 በኦስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጄሪ ታንግና አሌክሳንደር ሁት፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አንድ ሥራ አሳተሙ። ሦስት ፈቃደኞች እያንዳንዳቸው ለ16 ሰዓት ያህል ኤፍ ኤም አር አይ በሚባለው ማሽን ውስጥ ተኝተው በድምፅ የተቀዱ ታሪኮችን አዳመጡ። ኮምፒውተሩ ምን ሲሰማ የትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚነቃ ተማረ። ከዚያ አዲስ ታሪክ ሲያሰሟቸው የታሪኩን ጭብጥ በጽሑፍ አወጣው። ቃል በቃል አይደለም። አንዳንዴ ፍሬ ነገሩን በደንብ ይይዘዋል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ይስታል።

እንዴት ቻለ? ኤፍ ኤም አር አይ ሐሳብ አያይም። የሚለካው በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ለውጥ ነው። የነርቭ ሕዋሳት ሲሠሩ ወደዚያ አካባቢ ደም ይጎርፋል። ይህ ለውጥ ደግሞ ቀርፋፋ ነው፤ መጥቶ እስኪያልፍ ብዙ ሰከንዶች ይወስዳል። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ሰውዬው ብዙ ቃላት ይሰማል። ከምልክቱ ብቻ ተነስቶ ቃል ማውጣት አይቻልም ማለት ነው። ክፍተቱን የሞላው የቋንቋ ሞዴል ነው፤ ከቻትቦቶች ጀርባ ያለው ዓይነት። ሞዴሉ "ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለው ይህ ነው" እያለ እጩ ሐረጎችን ይደረድራል። ከዚያ ለእያንዳንዱ እጩ "ሰውዬው ይህን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ የአንጎሉ ምልክት ምን ይመስል ነበር?" ተብሎ ይሰላል። ከእውነተኛው ምልክት ጋር የተቀራረበው ያልፋል፣ ሌላው ይወድቃል።

ስለዚህ ማሽኑ አላነበበም። ገመተ። በአንድ ሰው አንጎል ላይ የሠለጠነውን ሲስተም ለሌላ ሰው ሲሞክሩት አልሠራም። ፈቃደኞቹ ሆን ብለው በሐሳባቸው ቁጥር ሲቆጥሩ ወይም የእንስሳት ስም ሲዘረዝሩም ግምቱ ተበላሸ። መንገድ ላይ ሐሳቤን ሰረቁኝ ብላችሁ የምትሰጉ ካላችሁ፣ ለጊዜው ስጋታችሁን ወደ ጎን ማድረግ ትችላላችሁ።

ግን ሙከራው የሦስቱን ነገሮች መገናኛ ጥርት አድርጎ ያሳያል። የአንጎል ጥናት ምልክቱን ሰጠ። የዳታው ክምችት ማመሳከሪያ ሆነ። ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ደግሞ ከሁለቱ ተነስቶ ገመተ። የሥነ ምግባሩ ጣጣ የሚመጣው ይህ ግምት ከላቦራቶሪ ወጥቶ አንድ ወሳኝ ሰው ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ነው። ግምቱ የማን ነው? ከተሳሳተስ አቤት የሚባለው ለማን ነው?

ለመገመት አንጎል የግድ አይደለም

"ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል" ይባል ነበር። ዛሬ ብቅሉም አያስፈልግም፣ የላይክ ምልክት ይበቃል። በ2013 ሚካል ኮሲንስኪና ባልደረቦቹ ከ58,000 በላይ የፌስቡክ ተጠቃሚዎችን ላይኮች ተንትነው ነበር። ፈቃደኞቹ የወደዷቸው ገጾች የሙዚቃ፣ የምግብ፣ የቀልድ ናቸው። ከዚያ ተነስቶ ሞዴሉ የሰዎቹን የፖለቲካ ዝንባሌ፣ ሃይማኖት፣ የፆታ ዝንባሌ፣ እንዲያውም ሲጋራ ማጨስ አለማጨሳቸውን ከዕድል በጣም በተሻለ ሁኔታ ለየ።

"እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም" የሚለው ክርክር ውኃ የማያነሣው እዚህ ላይ ነው። ስለ አንድ ገጽ "ወድጄዋለሁ" ስትሉ የሰጣችሁት ያንን ብቻ ነው። ከዚያ የሚገመተውን ግን አልሰጣችሁም፤ መገመት እንደሚቻልም አላወቃችሁም። "እስማማለሁ" የሚለውን ቁልፍ ስንጫን የምንፈቅደው ለምናውቀው ነገር ነው። ያልታወቀን ነገር እንዴት አድርጎ ሰው ይፈቅዳል?

ፈቃዱ ደግሞ ሁልጊዜ የራሳችን አይደለም። ካምብሪጅ አናሊቲካ የተባለው የፖለቲካ አማካሪ ድርጅት የፌስቡክ ተጠቃሚዎችን ዳታ የወሰደበት ጉዳይ በ2018 በይፋ ሲወጣ፣ ዳታው የተሰበሰበበትን የስብዕና ፈተና መተግበሪያ የጫኑት ሰዎች 270,000 ገደማ ነበሩ። ዳታቸው ሳይወሰድ አልቀረም የተባሉት ግን እስከ 87 ሚሊዮን ይደርሳሉ። የቀሩት ጥፋታቸው መተግበሪያውን ከጫነ ሰው ጋር ጓደኛ መሆናቸው ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በ2012 ፌስቡክ የ689,003 ተጠቃሚዎችን የዜና ገጽ ሆን ብሎ አስተካክሎ፣ ለአንዳንዱ ደስ የሚለውን፣ ለአንዳንዱ የሚያሳዝነውን ጽሑፍ ቀንሶባቸው ነበር። ስሜት ይጋባል ወይ የሚለውን ለማየት ነው። ውጤቱ በጣም ጥቂት ለውጥ አሳየ። በ2014 ጥናቱ ሲታተም ግን ቁጣ አስነሳ። ማንም ተጠይቆ አልነበረምና።

"ስሙን አውጥተነዋል፣ ስለዚህ አይታወቅም" የሚለው ማረጋገጫም እንደሚመስለው ጠንካራ አይደለም። ላታንያ ስዊኒ የተባለች የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁር በ2000 ባወጣችው ሥራ፣ ከአሜሪካ ሕዝብ 87 በመቶውን በሦስት ነገር ብቻ ለይቶ ማውጣት እንደሚቻል አሳየች። የፖስታ ቁጥር፣ የልደት ቀን እና ፆታ። ገና ተማሪ ሳለች ደግሞ ስም ከወጣለት የሆስፒታል መዝገብ ላይ የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ የነበረውን የዊሊያም ዌልድን ሕክምና ለይታ አውጥታለች። ያስፈለጋት በ20 ዶላር የተገዛ የመራጮች ዝርዝር ነበር።

የአንጎል ምስል ግን ከዚህም ይብሳል። የጭንቅላት ኤም አር አይ ሲነሳ ፊትም አብሮ ይነሳል። በ2019 የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች 84 ፈቃደኞችን በኤም አር አይ አንስተው ፊታቸውን ከምስሉ ላይ መልሰው ሠሩ። ከዚያ ለገበያ የቀረበ የፊት መለያ ሶፍትዌር ሰጡት። ሶፍትዌሩ 83 በመቶዎቹን ከፎቷቸው ጋር በትክክል አገናኛቸው። ስምህ ወጥቷል የተባለ ሰው ፊቱ ፋይሉ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ፊትን ከምስሉ ላይ የሚያጠፉ ፕሮግራሞች አሉ። ከመጋራቱ በፊት ማንም ካልተጠቀመባቸው ግን ዋጋ የላቸውም።

ግምቱ ውሳኔ ሲሆን

በሆላንድ የሆነውን ማወቅ ይጠቅማል። የአገሪቱ ግብር ባለሥልጣን ለወላጆች የሚሰጠውን የሕፃናት መዋያ ድጎማ ማን ሊያጭበረብር እንደሚችል የሚገምት ሲስተም ይጠቀም ነበር። ከመመዘኛዎቹ አንዱ ሰውዬው የሆላንድ ዜግነት አለው ወይስ የለውም የሚለው ነበር። ሲስተሙ አንድን ወላጅ "አጠራጣሪ" ካለው፣ ማመልከቻው በልዩ ሁኔታ ይመረመራል። ፊርማ መጉደልን የመሰለ ትንሽ ስህተት ከተገኘ፣ ለዓመታት የተከፈለው ድጎማ በሙሉ ይመለስ ይባላል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ዕዳ ድንገት የወደቀባቸው ወላጆች ነበሩ። ቤታቸውን ያጡ አሉ። ትዳራቸው የፈረሰ አሉ። ለምን ተጠረጠርኩ ብለው ሲጠይቁ መልስ የሚሰጣቸው አልነበረም፤ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው ሠራተኛም ሲስተሙ ለምን እንዳለ አያውቅም። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከተጎዱ በኋላ በጥር 2021 የጠቅላይ ሚኒስትር ማርክ ሩተ መንግሥት በዚሁ ምክንያት ሥልጣን ለቀቀ።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ረቂቅ የሚባል ኤአይ የለም። አንጎል የሚያነብ ማሽንም የለም። ተራ የነጥብ አሰጣጥ ነው። ጉዳቱ የመጣው ግምት የነበረው ነገር በመንገድ ላይ ማስረጃ ስለሆነ ነው። ሠራተኛው ነጥቡን አየ፣ ነጥቡን አመነ፣ ወላጁን አላመነም።

አንዳንዴ ደግሞ ክፋትም ስንፍናም ሳይኖር ይበላሻል። በ2019 ዚያድ ኦበርማየርና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ሆስፒታሎች የሚሠራበትን አንድ አልጎሪዝም መረመሩ። ሥራው ተጨማሪ ክትትል የሚያስፈልጋቸውን ሕመምተኞች መለየት ነው። የቆዳ ቀለም የሚባል መረጃ አልተሰጠውም። እንደዚያም ሆኖ እኩል ከታመሙ ሰዎች መካከል ጥቁሮቹን ወደ ኋላ ይተው ነበር። ምክንያቱ ሲፈተሽ፣ አልጎሪዝሙ የሚተነብየው ሕመምን ሳይሆን የሕክምና ወጪን ሆኖ ተገኘ። ለጥቁር ሕመምተኞች የሚወጣው ገንዘብ አስቀድሞ አነስተኛ ስለነበር ማሽኑ ጤነኛ አድርጎ ቆጠራቸው። ተመራማሪዎቹ እንዳሰሉት ይህ አድልዎ ቢስተካከል፣ ተጨማሪ እርዳታ ከሚያገኙት መካከል የጥቁሮቹ ድርሻ ከ17.7 በመቶ ወደ 46.5 በመቶ ከፍ ይል ነበር። አንድ መሐንዲስ "ወጪን እንደ ሕመም እንቁጠረው" ብሎ የወሰነበት ቀን፣ ያ ቀን ነው የሥነ ምግባሩ ውሳኔ የተወሰነው። ምናልባት ስብሰባው ላይ ማንም ሥነ ምግባር የሚል ቃል አላነሳም።

ዳታው ውስጥ ማን አለ፣ ማን የለም የሚለውም አለ። ጆይ ቡላምዊኒና ትምኒት ገብሩ በ2018 ፆታን ከፊት ላይ የሚለዩ የንግድ ሶፍትዌሮችን ሲፈትሹ፣ በጥቁር ሴቶች ላይ ስህተቱ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። በነጭ ወንዶች ላይ ከ0.8 በመቶ አልበለጠም። የአንጎል ጥናትም ከዚህ አላመለጠም። የአንጎልን የኤሌክትሪክ ምልክት ከራስ ቆዳ ላይ የሚለካው ኢ ኢ ጂ የሚባለው መሣሪያ የሚሠራው ኤሌክትሮዶቹ የራስ ቆዳን በደንብ ሲነኩ ነው። ከርዳዳና ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ወይም ሹሩባ ላይ ይህ ያስቸግራል። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ፀጉር ያላቸው ሰዎች ከጥናቱ ይቀራሉ፣ ወይም ዳታቸው "ጥራት የለውም" ተብሎ ይጣላል። ከዚያ በእነሱ ላይ ያልተሞከረ ሞዴል "የሰው አንጎል" በሚል ስም ይሸጣል።

አድልዎን አጥፉት ማለት ቀላል ነው። ግን በ2016 አካባቢ የሒሳብ ሰዎች አንድ የማይመች ነገር አሳይተዋል። የሚገመተው ነገር በሁለት ቡድኖች ውስጥ የሚገኝበት መጠን ከመነሻው የተለያየ ሲሆን፣ ፍትሐዊ የሚባሉትን መለኪያዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ማሟላት አይቻልም። የአደጋ ነጥቡ ለሁለቱም ቡድን አንድ ትርጉም ይኑረው ካላችሁ፣ በስህተት የሚጠረጠሩት ሰዎች መጠን እኩል አይሆንም። ስለዚህ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ምርጫው የሰው ነው፤ ኮምፒውተሩ አይመርጥላችሁም።

የሞተው ዓሣ ምስክርነት

በ2009 ክሬግ ቤኔት የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ አንድ የሞተ ሳልመን ዓሣ ኤፍ ኤም አር አይ ውስጥ አስገብተው የሰዎችን ፎቶ አሳዩት። ሰዎቹ ምን እንደተሰማቸው እንዲገምትም "ጠየቁት"። ውጤቱ ሲታይ በዓሣው አንጎል ውስጥ የነቃ ቦታ ተገኘ! ቀልድ ይመስላል፤ መልእክቱ ግን የምር ነው። ማሽኑ አንጎልን በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ጥቃቅን ኪዩቦች ከፋፍሎ እያንዳንዱን ለብቻው ይፈትናል። ያን ያህል ፈተና ከተደረገ ጥቂቶቹ በአጋጣሚ ያልፋሉ። ያንን የሚያስተካክል ስሌት ካልተጨመረ የሞተ ዓሣም ያስባል።

በባለ ቀለም ምስል ላይ ቀይ የበራ አንጎል ማየት ሰውን ያሳምናል። ፎቶ ይመስላል። ፎቶ ግን አይደለም፣ የስታቲስቲክስ ካርታ ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ የግድ የሚሆነው ምስሉ ፍርድ ቤት ሲገባ ነው። በ2008 በሕንድ ፑኔ ከተማ አንድ ፍርድ ቤት በኢ ኢ ጂ ላይ የተመሠረተ የአንጎል ምርመራን እንደ አንድ ማስረጃ ተቀብሎ አንዲት ሴት በግድያ ወንጀል ጥፋተኛ ናት ብሎ ፈርዶ ነበር። የምርመራው ሐሳብ ሰውዬዋ ድርጊቱን ስታስታውስ አንጎሏ ያሳብቅባታል የሚል ነው። በ2010 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰውን ያለ ፈቃዱ እንዲህ መመርመር በራስ ላይ እንዲመሰክር ማስገደድ ነው አለ። በአሜሪካ ደግሞ በ2012 አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት በኤፍ ኤም አር አይ የተሠራ የውሸት ምርመራን አልቀበልም ብሏል።

ሁለቱ ፍርድ ቤቶች ምክንያታቸው አንድ አይደለም። የአሜሪካው በዋናነት መሣሪያው አያስተማምንም ነው ያለው። የሕንዱ ከዚያ አልፎ ሄደ፤ ቢያስተማምንስ መብቱ የማን ነው የሚል ነው። እኔ የሕንዱን እመርጣለሁ። መሣሪያ ይሻሻላል። አያስተማምንም በሚል ብቻ የተከለከለ ነገር፣ አስተማማኝ ሲሆን ክልከላው ይነሳለታል።

ግንባር ላይ የሚታሰረው

ለማሰላሰል፣ ለእንቅልፍ፣ ለትኩረት ተብለው የሚሸጡ በግንባር ላይ የሚታሰሩ ኢ ኢ ጂ መሣሪያዎች አሉ። ምልክታቸው ደካማ ነው። ለሐሳብ ማንበብ አይበቁም። ለመገመት ግን ይበቃሉ። በ2012 ተመራማሪዎች ለጨዋታ የሚሸጥ አንዱን መሣሪያ ወስደው ለሰዎች ቁጥሮች፣ የባንክ ካርዶችና ቦታዎች እያሳዩ የአንጎላቸውን ምላሽ ለኩ። አንጎል የሚያውቀውን ነገር ሲያይ ከሦስት መቶ ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ የተለየ ምልክት ያወጣል። በዚያ ተነስተው የምሥጢር ቁጥርን የመሰሉ መረጃዎችን ከዘፈቀደ ግምት በተሻለ መገመት ቻሉ።

ዳታው የት ይሄዳል? ኒውሮራይትስ ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት በ2024 የ30 ኩባንያዎችን የተጠቃሚ ውል መርምሮ ነበር። 29ኙ ያለ በቂ ገደብ ወደ ተጠቃሚው የአንጎል ዳታ መድረስ የሚችሉ መስለው ታይተውታል። በቺሊ የቀድሞው ሴናተር ጊዶ ጊራርዲ የኢሞቲቭ ኩባንያን መሣሪያ ገዝቶ ሲጠቀም፣ ክፍያ በሌለው የአጠቃቀም ፈቃድ የራሱን የአንጎል ምልክት ቅጂ ማውጣት እንደማይችል አወቀ። ኩባንያው ዘንድ ተቀምጧል፣ ለእሱ ግን ተዘግቷል። ከሰሰ። በነሐሴ 2023 የቺሊ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳታው ይጥፋ ብሎ ፈረደለት። መሠረት የሆነው አገሪቱ በ2021 ሕገ መንግሥቷ ውስጥ ያስገባችው የአንጎል እንቅስቃሴን የሚጠብቅ አንቀጽ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ መሣሪያው በአሠሪ ወይም በትምህርት ቤት ሲታሰር ነው። "ትኩረትህ 62 ነው" የሚል ነጥብ ምን ማለት ነው? ሰው መስኮት እያየ ከባድ ችግር ሊፈታ ይችላል። ወረቀቱ ላይ አፍጥጦ ምንም ላያስብ ይችላል። ነጥቡ ግን ለአለቃው ቁጥር ሆኖ ይደርሰዋል። ቁጥር ደግሞ አይከራከሩትም። የአውሮፓ ኅብረት የኤአይ ሕግ ከየካቲት 2025 ጀምሮ በሥራ ቦታና በትምህርት ተቋም ከሰው አካል መረጃ ተነስቶ ስሜትን መገመት ከልክሏል፤ ለሕክምናና ለደኅንነት ካልሆነ በቀር።

ውስጥ የሚቀበረውስ?

እስካሁን ያልነው ከውጭ ስለሚለካ ነገር ነው። በአንጎል ውስጥ የሚቀበር መሣሪያ ሌላ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ ይህኛው ከመስማት አልፎ ይነካል።

የፓርኪንሰን ሕመምተኞች አንጎል ውስጥ ኤሌክትሮድ ከትቶ በኤሌክትሪክ ማነቃቃት የቆየ ሕክምና ነው። መንቀጥቀጡን ያበርዳል፣ ለብዙዎች ሕይወት መልሷል። በ2004 የሆላንድ ሐኪሞች ያቀረቡት አንድ ታሪክ ግን አሁንም ያከራክራል። የ62 ዓመት ሰው ነው። መሣሪያው ሲበራ ይንቀሳቀሳል፣ ነገር ግን ከልክ ያለፈ የደስታና የችኮላ ሕመም ይይዘዋል፤ ገንዘብ ይበትናል፣ ዕዳ ውስጥ ይገባል፣ ታምሜያለሁ አይልም። ሲጠፋ አእምሮው ይረጋጋል፣ ሰውነቱ ግን ከአልጋ አይነሳም። መሃለኛ መንገድ አልተገኘም። ሐኪሞቹ መሣሪያውን አጥፍተው፣ ሰውዬው በሰከነ አእምሮው ሳለ ምረጥ አሉት። ይብራልኝ አለ። መሣሪያው እንደበራ የአእምሮ ሆስፒታል ገባ።

ትክክል ነው ወይ? ፈቃዱን የሰጠው የጠፋው ሰው ነው። ከውጤቱ ጋር የሚኖረው የበራው ነው። ሁለቱም እሱ ናቸው። እኔ በበኩሌ ሐኪሞቹ ከነበራቸው ምርጫ የተሻለውን አድርገዋል እላለሁ፤ ቢያንስ ጠይቀውታል። መልሱ ግን ሙሉ በሙሉ አይዋጥልኝም።

ሌላው ደግሞ የኩባንያ ዕድሜ ነው። ሴከንድ ሳይት የተባለ ኩባንያ አርገስ ሁለት የሚባል የዓይን መሣሪያ ሠርቶ በዓለም ዙሪያ ከ350 በላይ ዓይነ ስውራን ላይ ተገጥሞ ነበር። ጥቂት ብርሃንና ቅርጽ ይሰጣል። በ2020 ኩባንያው ሊከስር ደረሰ፣ ድጋፉ ተቋረጠ። ዓይናቸው ውስጥ የተቀበረው መሣሪያ ሲበላሽ የሚጠግነው የለም። ስልክ ቢያረጅ ይጣላል። ዓይን ውስጥ ያለውን ምን ያደርጉታል?

የተገላቢጦሹ በአውስትራሊያ ሆነ። ኒውሮቪስታ የተባለ ኩባንያ የሚጥል በሽታ ከመነሳቱ በፊት የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ በ15 ሰዎች ላይ ሞክሮ ነበር። አንዲት ሴት በመሣሪያው ምክንያት ሕይወቷ ተለወጠ። ብቻዋን መውጣት ቻለች፣ በራሷ ተማመነች። ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ አጠረውና መሣሪያው ይውጣ ተባለ። ልግዛው ብላ ለመነች። አልሆነም፣ ወጣ። ለእሷ የተወሰደባት ዕቃ አልነበረም፤ የራሷ አካል ነው። እንግዲህ መሣሪያው በኩባንያው የሒሳብ መዝገብ ላይ ንብረት ነው። በእሷ ጭንቅላት ውስጥ ግን ምን ነበር? ብዙ የሥነ ምግባር ጽሑፎች ስለ ሐሳብ መሰረቅ ያወራሉ። ስለ ከሠረ ኩባንያ የሚያወሩት ያንሳሉ። እኔ ግን ለሕመምተኛው ቅርቡ አደጋ ይህኛው ይመስለኛል።

ስለዚህ ሙከራ ከመጀመሩ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ግልጽ ነው። ሙከራው ሲያልቅ ባትሪውን ማን ይቀይራል? ማውጣት ካስፈለገ ወጪው የማን ነው? ሕመምተኛው አላስወጣም ቢልስ? ኒውራሊንክ የተባለው ኩባንያ በጥር 2024 መሣሪያውን በመጀመሪያው ሰው አንጎል ውስጥ ከቀበረ በኋላ ባሉት ሳምንታት ውስጥ ብዙዎቹ ቀጫጭን ክሮች ከአንጎሉ ውስጥ ወደ ኋላ ተሰብስበው ነበር። ኩባንያው ሶፍትዌሩን አስተካክሎ ሥራው ቀጠለ። ገንዘብም ባለሙያም ነበረው። ሁሉም ኩባንያ እንደዚያ አይሆንም።

ጥቅሙን ማሳነስ ግን ግፍ ነው

ይህን ሁሉ ሰምቶ "ይቅርብን" ማለት የሚችለው ጤነኛ ሰው ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ በ2024 በታተመ ሥራ፣ ኤ ኤል ኤስ በሚባል የነርቭ ሕመም ንግግሩን ያጣ ሰው አንጎል ላይ 256 ኤሌክትሮዶች ተገጥመው ነበር። ለመናገር ሲሞክር ኮምፒውተሩ ቃላቱን እስከ 97 በመቶ በትክክል አወጣቸው። ድምፁም ከመታመሙ በፊት ከተቀዳው ድምፁ የተሠራ ነበር። ለእሱ ይህ ቴክኖሎጂ ስጋት ነው ብሎ ማስተማር ያሳፍራል።

በነሐሴ 2025 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች አንድ እርምጃ ቀጠሉ። ሰው አፉን ለማንቀሳቀስ ሳይሞክር በውስጡ የሚናገረውን ንግግር መያዝ ይቻላል ወይ? በከፊል ይቻላል። በዚያው አንድ ነገር ታያቸው። ተሳታፊዎቹ በውስጣችሁ ተናገሩ ሳይባሉ በሐሳባቸው ሲቆጥሩ፣ ሲስተሙ አንዳንዴ ያንንም ያዘ። ስለዚህ መቆለፊያ ሠሩለት። ሰውዬው የተመረጠ የይለፍ ሐረግ በሐሳቡ ካላለ ሲስተሙ አያዳምጥም። ሐረጉን ከ98 በመቶ በላይ ለየው። ሥነ ምግባር ማለት ከሥራው በኋላ የሚጻፍ ማስታወቂያ ብቻ አይደለም። መሣሪያው ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ መሐንዲሶቹ ከፈለጉ።

ሕጉ የቱን ይጠብቃል?

ሕጎች እየመጡ ነው። ከቺሊ በኋላ በ2024 የአሜሪካዎቹ ኮሎራዶና ካሊፎርኒያ የአንጎልና የነርቭ ዳታን ጥብቅ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መረጃዎች መደቡት። ዩኔስኮ በኅዳር 2025 ስለ ኒውሮቴክኖሎጂ ሥነ ምግባር ምክረ ሐሳብ አጽድቋል። ደስ ይላል። ግን የካሊፎርኒያውን ትርጓሜ ልብ ብላችሁ አንብቡት። የነርቭ ዳታ ማለት የነርቭ ሥርዓትን እንቅስቃሴ በመለካት የተገኘ፣ ከሌላ መረጃ ያልተገመተ ነው ይላል። ከልብ ምት፣ ከእንቅልፍ ሰዓትና ከስልክ አነካክ ተነስቶ "ይህ ሰው ድብርት ላይ ነው" ብሎ የሚገምት ሞዴል ከዚህ ምድብ ውጭ ነው። ሌላ ጥበቃ ሊኖረው ይችላል፤ የአንጎል ዳታ ግን አይባልም። ምልክቱ ተጠበቀ፣ ግምቱ አመለጠ።

በታኅሣሥ 2023 ሉክሰምበርግ ያለው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በሌላ አቅጣጫ ሄዷል። ጉዳዩ ሹፋ ስለሚባለው የጀርመን የብድር ነጥብ ሰጪ ድርጅት ነው። ድርጅቱ እኔ ነጥብ ብቻ ነው የምሰጠው፣ የሚወስነው ባንኩ ነው ሲል ቆይቷል። ፍርድ ቤቱ ግን ባንኩ በነጥቡ ላይ በእጅጉ ተመርኩዞ ብድር የሚከለክል ከሆነ፣ ነጥቡን ማውጣቱ ራሱ በማሽን የተሰጠ ውሳኔ ነው አለ። ይህ ማለት የአውሮፓው የዳታ ጥበቃ ሕግ በእንዲህ ዓይነት ውሳኔ ላይ የሚያስቀምጣቸው ገደቦች ገማቹንም ይይዙታል። "እኔ ገመትኩ እንጂ አልወሰንኩም" ማምለጫ መሆኑ ቀረ።

እኔ ይህኛው መንገድ ይሻላል ባይ ነኝ። ምልክቱ ዛሬ ከግንባር ማሰሪያ፣ ነገ ከዓይን እንቅስቃሴ፣ ከነገ ወዲያ ከድምፅ ሊወሰድ ይችላል። ሕግ አውጪ እያንዳንዱን እየተከተለ ስም ሲሰጥ ይኖራል እንጂ አይደርስበትም። ሥራ የሚያስከለክለው፣ ብድር የሚያስቀረው፣ ፖሊስ ደጅ የሚያመጣው ግን በመጨረሻ የሚወጣው ነጥብ ነው።